ክሊፑ ድምፃዊቷን እንዴት አድርጎ ያሳያታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠኑ ናቸው፤ የፖፕ ሙዚቃ ክሊፕ ሴት ኮከቡን የሚያቀርብበትን መንገድ መርምሮ መጻፍ። ተመሳሳዮቹን አዋህደን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሚዲያ ትምህርት ተማሪ ነኝ። አንድ ክሊፕ ድምፃዊቷን እንዴት እንደሚያቀርባት እንድንተነትን ታዘዝን። ክሊፑን ከአስር ጊዜ በላይ አየሁትና «ቆንጆ ሆና ቀርባለች፤ ልብሷ ሰውነቷን ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትጨፍራለች» እያልኩ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። መምህሬ «ይህ ገለጻ እንጂ ትንተና አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ከየት ልጀምር?
ግራ የገባኝ ተማሪ

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ናት፤ የጻፍሽውም ግን ከንቱ አይደለም። ድምፃዊቷን ገለጽሽ እንጂ ክሊፑን አልገለጽሽም። ቁንጅናዋ የራሷ ነው። ካሜራው ከየት ቆሞ እንዳያት፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየባት፣ በየትኛው ስንኝ ላይ ከፊቷ ወደ ወገቧ እንደዘለለ ግን የክሊፑ ሥራ ነው። ትንተናሽ መነሳት ያለበት ከዚህኛው ነው።

መጀመሪያ ክሊፑን በሦስት መንገድ እዪው። አንዱን ዙር ድምፁን ዘግተሽ፤ ዜማው ስሜትሽን ሳይጎትተው ዓይንሽ የት የት እንደሚወሰድ ይገለጥልሻል። ሌላውን ዙር ምስሉን ሸፍነሽ፤ ግጥሙን ጻፊ፣ አዝማቹ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት መዝግቢ። በሦስተኛው ዙር ሁለቱን አንድ ላይ እዪ። ድምፅ ተዘግቶ የታየ ክሊፕ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። በዜማው ግለት ውስጥ «ጉልበተኛ» መስላ የታየችው ሴት፣ ዝምታው ውስጥ ቆማ ፀጉሯን ስትነካካ ብቻ ልታገኚያት ትችያለሽ። የተገላቢጦሹም ይሆናል።

ከዚያ ኤክሴል ክፈቺና ለእያንዳንዱ ሾት አንድ መስመር ስጪ። ሾት ማለት ከአንድ ቁርጥ (አንዱ ምስል በሌላ ከሚቀየርበት ቦታ) እስከ ቀጣዩ ቁርጥ ያለው ምስል ነው፤ ትዕይንት አይደለም። ስምንት ዓምድ ይበቃሻል፦ ተራ ቁጥር፤ የሚጀምርበት ሰዓት፤ ርዝመቱ በሰከንድ፤ በፍሬሙ (በሚታየው የምስል ክልል) ውስጥ ማን እንዳለ፤ ከሰውነቷ ምን ያህሉ እንደሚታይ (ሙሉ ቁመት፣ ከወገብ በላይ፣ ፊት፣ ወይም ጭንቅላት የሌለበት የሰውነት ክፍል)፤ ወዴት እንደምታይ፤ ምን እንደምታደርግ፤ ዘፈኑ የት እንደደረሰ። ብዙ ተማሪዎች ሃያ ዓምድ ዘርግተው አርባኛው ሾት ላይ ሲደርሱ ይሰለቻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ በግምት የተሞላ ይሆናል። ስምንቱን በጥንቃቄ መሙላት ይሻላል።

በዩቲዩብ ላይ በኮምፒውተር የምትሠሪ ከሆነ ክሊፑን አቁመሽ የነጥብ ቁልፉን ስትጫኚ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ወደፊት፣ የነጠላ ሰረዝ ቁልፉን ስትጫኚ አንድ ፍሬም ወደኋላ ይሄዳል። ፍጥነቱንም ወደ 0.25 ማውረድ ይቻላል። የ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ክሊፕ 120 ሾት ቢኖረውና ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ብትመድቢ 4 ሰዓት ይፈጅብሻል። በሁለት ቀን ከፍለሽ ሥሪው፤ ዓይን ይደክማል።

ሦስት ቦታ ላይ ትቸገሪያለሽ። አንዱ ምስል በሌላው ላይ ቀስ እያለ የሚተካ ከሆነ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጎልቶ መታየት የጀመረበትን ፍሬም እንደ ቁርጥ ቁጠሪው። ካሜራው ሳይቆረጥ ከእግሯ ተነስቶ ፊቷ ላይ ከደረሰ አንድ ሾት ነው፤ ግን «ከእግር ወደ ፊት» ብለሽ አቅጣጫውን ጻፊ፤ ከፊት ወደ እግር ከሚወርደው ጋር ትርጉማቸው አንድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰንጠረዡ ውስጥ «ማራኪ»፣ «ደካማ»፣ «አሳሳች» የሚል ቃል አይግባ። እነዚህ ድምዳሜዎች ናቸው፤ ቦታቸው ጽሑፍሽ ውስጥ ነው።

ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ በብዛትም በጊዜም ቁጠሪ። ለምሳሌ ያህል፣ ከ120ው ሾት ድምፃዊቷ በ90ው ውስጥ አለች እንበል፤ ርዝመታቸው በድምሩ 165 ሰከንድ ነው። ከ90ው በ27ቱ ጭንቅላቷ አይታይም፤ የእነዚህ ድምር ደግሞ 24 ሰከንድ ነው። በብዛት ካየነው 30 በመቶ፣ በጊዜ ካየነው ግን ወደ 15 በመቶ ገደማ ሆነ። የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም፤ ልዩነታቸው ራሱ ግኝት ነው። ጭንቅላት የሌለባቸው ሾቶች በአማካይ ከ0.9 ሰከንድ አይበልጡም፤ ሌሎቹ ግን 2.2 ሰከንድ ያህል ይቆያሉ። ክሊፑ ሰውነቷን ተረጋግቶ አያሳይም ማለት ነው፤ ፊቷን እያሳየን መሃል መሃል ላይ በብልጭታ ያስገባዋል። ወደ ሰዓት ዓምዱ ተመለሽና ብልጭታዎቹ የት እንደተጠራቀሙ እዪ። አብዛኞቹ አዝማቹ ላይ ከሆኑ፣ አድማጭ በብዛት በቃሉ ከሚይዘው የዘፈኑ ክፍል ጋር የተጣመሩት እነሱ ናቸው። አሁን የምትጽፊው ነገር አገኘሽ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የሴትን ሰውነት ቆራርጦ ያሳየ ክሊፕ ሁሉ ሴቲቱን ዕቃ አድርጓታል ይላል። እኔ ደግሞ ክሎዝ አፕ (በጣም ቀርቦ የተቀረጸ ምስል) የሌለው ክሊፕ የለም እላለሁ። ማንኛችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። የሾቱ ቅርበት ብቻውን አይመሰክርም። የፒያኖ ቁልፎች ላይ የሚሮጡ ጣቶችን ብቻ የሚያሳይ ሾት ጭንቅላት የለበትም፤ የሚያሳየው ግን ሙያዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሺኔድ ኦኮነር ዝነኛ ክሊፕ አብዛኛው ክፍል በጨለማ ጀርባ ላይ ያለ ፊቷ ብቻ ነው፤ ከዚያ የቀረበ ምስል ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም ተመልካቹ የሚያገኘው የምታዝንና የምትናገር ሰውን ነው። ፊት የስሜትና የንግግር ቦታ ስለሆነ ካሜራው በቀረበው ቁጥር ሰውየዋ ትገዝፋለች።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ምስል ሦስት ጥያቄ ያቅርቡለት። የሚታየው የሰውነት ክፍል ሥራ እየሠራ ነው ወይስ ለመታየት ብቻ ተቀምጧል? ከሾቱ ቀጥሎ ወይም ከዚያ በፊት ያንን ክፍል ከሰውየዋ ጋር የሚያገናኝ ፊት አለ? በቦታዋ ሌላ ሴት ብትቀረጽ ተመልካች ይነቃ ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ከባዱ ነው። ፈላስፋዋ ማርታ ነስባውም በ1995 ባወጣችው ጽሑፍ ሰውን እንደ ዕቃ የማየትን ሰባት መገለጫዎች ዘርዝራ ነበር፤ አንዱ ሰውን በሌላ የሚተካ አድርጎ መቁጠር ነው። ዓለም በስሟ የሚያውቃት ድምፃዊት በራሷ ክሊፕ ውስጥ ማንነቷ የማይለይ ወገብ ስትሆን፣ ለዚያች ሰከንድ ኮከብነቷ ተነጥቋል። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በትንተናዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው።

ከቅርበት በተጨማሪ አራት ነገር ይመልከቱ።

ከፍታ። «ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ሰው ኃይለኛ ይመስላል» የሚለው ደንብ ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ጎዶሎ ነው። ካሜራው ከጉልበት ከፍታ ፊቷን መሃል አድርጎ ሲያያት ግርማ ይሰጣታል። ከወለል ተነስቶ ጭኗን መሃል፣ ፊቷን ደግሞ ጫፍ ላይ ያደረገ ካሜራም ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የፍሬሙ መሃል ላይ ምን እንዳለና ጥራት ያገኘው የቱ ክፍል እንደሆነ ሳይመዘግቡ ስለ ከፍታ አይጻፉ።

ፍጥነት። በሰከንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 የሚታይ ምስል በግማሽ ይዘገያል። ድምፃዊቷ በዚህ መንገድ እየዘፈነች እንድትቀረጽ ከተፈለገ፣ በቀረጻው ቦታ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይከፈትላታል፤ በኋላ ሲዘገይ ከንፈሯ ከዜማው ጋር ይገጥማል፣ ፀጉሯና ልብሷ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሕልም የሚመስለው መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሰከንድ 100 ፍሬም ከሆነ ዘፈኑ በአራት እጥፍ ፍጥነት መከፈት ስላለበት አብሮ መዝፈን የማይቻል ያህል ነው። ስለዚህ እጅግ በዘገዩ ሾቶች ውስጥ ድምፃዊቷ ብዙ ጊዜ አትዘፍንም። ድምጿ ይሰማል፣ አፏ ግን ዝም ብሏል። ሙያዋ ከምስሉ ወጥቶ መልኳ ብቻ የሚቀርባቸው ደቂቃዎች እነዚህ ናቸውና በሰንጠረዥዎ ውስጥ ለይተው ይያዟቸው።

ሌንስ። 85 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ (የራቀን አቅርቦ በሚያሳይ) ሌንስ የተቀረጸ ፊት ጀርባው ይደበዝዛል፤ ሰውየዋ ከቦታዋ ትነጠላለች። 24 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ አካባቢዋን ጨምሮ ያሳያል፣ ቀርቦ ካነሳት መልክን ይለጥጣል። በአንድ ክሊፕ ውስጥ ወንዶቹ ከነአካባቢያቸው፣ እሷ ግን ሁልጊዜ በደበዘዘ ጀርባ ላይ ከታየች፣ እነሱ ቦታ አላቸው፣ እሷ የላትም።

ብርሃን። ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከፊት ለፊት የሚበራ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን የቆዳን ሸካራነት ያጠፋል። የዓይኗ ብሌን ውስጥ ነጭ ቀለበት ካዩ ክብ መብራት ሌንሱን ከቦ ነበር ማለት ነው። የእሷ ፊት እንዲህ ለስልሶ የሌሎቹ ፊት ሽብሽቡና ላቡ ከታየ ልዩነቱ ሊጻፍ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የመረጥኩት ክሊፕ ላይ ድምፃዊቷ በአብዛኛው ሌንሱን ቀጥ ብላ ነው የምታየው። «የምታይ እንጂ የምትታይ አይደለችም» ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ አይቸኩሉ። የፊልም ተመራማሪዋ ላውራ መልቪ በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ በሲኒማ ውስጥ ሦስት እይታዎችን ለይታ ነበር፦ የካሜራው፣ የተመልካቹና በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት። የጻፈችው ግን ካሜራውን ስለሚደብቀው ስለ ትረካ ፊልም ነው። ክሊፕ ካሜራውን አይደብቅም። ድምፃዊ ሴትም ሆነ ወንድ ሌንሱን እያየ መዝፈን የዘርፉ ወግ ነው፤ ዜና አንባቢም ሌንሱን ያያል። ስለዚህ ሌንስ ማየቷ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

የሚያስረዳው አኳኋኑ ነው። ስትዘፍን ብቻ ነው የምታየን ወይስ ዝም ብላም? አገጯ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋለች? ሶሺዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1979 ባሳተመው የማስታወቂያ ፎቶዎች ጥናት እነዚህን ዝርዝሮች አስተውሏል። ሴቶች አንገታቸውን ዘንበል፣ ጉልበታቸውን እጥፍ አድርገው ወይም ተጋድመው ይቀርባሉ። ዕቃን ጨብጠው ሳይሆን በጣት ጫፍ ዳሰስ አድርገው ይይዛሉ። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ የሄደ ይመስል ዓይናቸው ይሰደዳል። ጎፍማን የሠራው በቆመ ፎቶ ላይ ስለሆነ ለክሊፕ ሲያውሉት አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። በጭፈራ መሃል አንገት ለግማሽ ሰከንድ ዘንበል ማለቱ የእንቅስቃሴው አካል ነው። አቋሙ ቢያንስ 1 ሰከንድ ካልቆየ አይቁጠሩት፤ ይህን ገደብ ካላበጁ ጨፋሪ ሁሉ «ተገዢ» ሆኖ ይመዘገብልዎታል።

በክሊፑ ውስጥ ሌሎች ተመልካቾች ካሉም ቅደም ተከተሉን ይያዙ። አንድ ሰው ሲያይ ይታያል፣ ቁርጥ፣ ከዚያ የእሷ ሰውነት ይመጣል፤ እንግዲህ እኛ በእሱ ዓይን አየናት። ተቃራኒውንም ይፈልጉ። እሷ ስታይ ትታያለች፣ ቁርጥ፣ ከዚያ ያየችው ነገር ይመጣል። በዚህኛው እኛ በእሷ ዓይን አየን። ሁለቱን ለየብቻ ይቁጠሯቸው። አንደኛው 11፣ ሁለተኛው ዜሮ ከሆነ፣ ሌንሱን ምንም ያህል ብታፈጥበት ክሊፑ በዓይኗ አላየልንም። «የምታይ ናት» ለማለት የሚያበቃው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ግጥሙ «ማንም አያዘኝም» ይላል፤ ምስሉ ግን እንደ ጌጥ አስቀምጧታል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይያዙና ግንኙነታቸውን ይጻፉ። አንድሩ ጉድዊን በ1992 ስለ ሙዚቃ ቪዲዮ ባሳተመው መጽሐፍ ምስል ከግጥም ጋር በሦስት መንገድ ሊዛመድ እንደሚችል አስቀምጧል፦ ግጥሙን በምስል ይደግመዋል፣ ያልተባለ ትርጉም ጨምሮ ያሰፋዋል፣ ወይም ከግጥሙ ጋር ይጋጫል። እርስዎ ያገኙት ሦስተኛውን ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ይሠራል፦ ግጥሙን መስመር በመስመር በግራ ይጻፉ፤ በቀኝ በኩል በዚያች ቅጽበት እሷ የምታደርገውን በአንድ ግሥ ብቻ ያስፍሩ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። «ታያለች» እና «ትታያለች» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። «ትነዳለች» ላልቶ ሲነበብ መሪውን የያዘችው እሷ ናት፤ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ሰው ነው የያዘው። ግሦችዎን ጨርሰው ሲያዩአቸው ስንቶቹ አድራጊ፣ ስንቶቹ ተደራጊ፣ ስንቶቹ ደግሞ «ቆማለች፣ ተጋድማለች፣ ትጠብቃለች» ዓይነት እንደሆኑ ይለዩ።

አድራጊ ግሥ ማግኘት ግን አያበቃም። ድርጊቷ አንድ ነገር ለወጠ ወይ? ብርጭቆ ሰበረች እንበል። ቀጥሎ በሚመጣው ሾት ክፍሉ እንደነበረ ከሆነ፣ ማንም ካልደነገጠ፣ እሷም ወደ ቀድሞ አቋሟ ከተመለሰች፣ ድርጊቱ ለውበት የገባ ነው። በሩን ከፍታ ወጥታ ቀጣዩ ሾት ውጭ ከሆነ ግን ክሊፑ ተከትሏታል። ካሜራው እሷን ተከትሎ ሲንቀሳቀስና ካሜራው ወደ ቆመችበት ሲመጣ ያለው ልዩነትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በአንደኛው መንገዱን የምትመርጠው እሷ ናት።

ዕቃውንም ይዩ። ማይክራፎን፣ ጊታር፣ ቁልፍ፣ ስልክ ይዛለች? ጊታሩን ትመታዋለች ወይስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትጨፍራለች? ጊታር የምታውቅ ድምፃዊት በራሷ ክሊፕ ውስጥ መሣሪያውን በጣት ጫፍ ይዛ መቅረቧ፣ የሙያዋን ማስረጃ ወደ ጌጥነት አውርዶታል።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተሯ ሴት ናት፤ ድምፃዊቷም «ሁሉንም የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብላለች። ታዲያ ምን የምንተነትነው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። «ማን መረጠ» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በቃለ መጠይቅና በሥራ ውል ነው፤ «ምን ቀረበ» የሚለው ደግሞ በክሊፑ። ሁለቱን ማደባለቅ በሁለቱም በኩል ስህተት ያመጣል፤ ምርጫዋን ንቆ «ተታላለች» ማለት አንዱ ነው፣ ምርጫዋን ጠቅሶ ምስሉን ከመመርመር መሸሽ ሌላው። ቃሏን በአክብሮት አንድ ቦታ ይጥቀሱት፤ ከዚያ ወደ ሾቶቹ ይመለሱ።

እግረ መንገድዎን ከኋላዋ ያሉትን ሴቶች ይመልከቱልን። ኮከቧ ሙሉ ቁመት፣ ፊት፣ ስምና ድርጊት ተሰጥቷት ሳለ፣ ተወዛዋዦቹ ጭንቅላት በሌላቸው ሾቶች ተቆራርጠው የሚያልፉባቸው ክሊፖች አሉ። እንዲህ ሲሆን የእሷ ልዕልና የተገነባው በእነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ለእነሱም አንድ ዓምድ መጨመር ተገቢ ነው፤ ከስምንቱ ውጪ የምንፈቅደው ብቸኛ ዓምድ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ወንዶቹ በሴቶቹ ቦታ ገብተው የሚታዩበት ክሊፕ አለ። ይህ ብቻውን «ተቃውሞ» ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ የሚታወቅ ምሳሌ እንውሰድ። በ1986 በወጣው የሮበርት ፓልመር ክሊፕ እሱ ሸሚዝና ከረባት አድርጎ ከፊት ይዘፍናል፤ ከኋላው አንድ ዓይነት ልብስና ሜካፕ ያደረጉ ሴቶች ስሜት በሌለው ፊት መሣሪያ የሚጫወቱ መስለው ይወዛወዛሉ። ሻንያ ትዌይን በ1999 ይህንኑ ገልብጣ እሷ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ ሆነው ቀረቡ። ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ የመጀመሪያውን ስለሚያስታውስ ነው፤ የለመድነው አቀማመጥ የተፈጥሮ ሥርዓት ሳይሆን ምርጫ እንደነበር ያጋልጣል።

ሲገለበጥ ያልተገለበጠውን ነገር መፈለግ ግን ይቀራል። ፓልመር ክሊፑን በጀመረበት ልብስ ይጨርሰዋል። ትዌይን ግን በረጅም ካፖርት፣ በባርኔጣና በዓይነ ርግብ ጀምራ ክሊፑ በገፋ ቁጥር እየቀነሰች ትሄዳለች። ቦታው ተቀይሯል፤ ዓይን እንዲከተለው የተጋበዘው ሰውነት ግን አሁንም የሴቷ ነው። «ተቃውሞ ነው» ወይም «አይደለም» ከማለት ይልቅ የቱ ክፍሉ እንደተገለበጠና የቱ እንዳልተገለበጠ በዝርዝር ማስቀመጥ ይበልጣል። ይህንኑ ፈተና በየትኛውም ክሊፕ ላይ በሐሳብ መሥራት ይቻላል። በእሷ ቦታ ወንድ ድምፃዊ በዚያው አቋም፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ሌንስ ቢታይ ምን ይመስላል? ካሳቀ፣ ያሳቀው ሾት የቱ እንደሆነ ይለዩ።

ጥያቄ፦ እኔና የክፍል ጓደኛዬ አንዱን ክሊፕ ለየብቻ መዝግበን ስናነጻጽረው ተለያየን። ማን ተሳሳተ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው መመሪያው ነው። «ሌንሱን ታያለች» የሚለው ዓምድ፣ በአንድ ሾት ውስጥ ሌንሱን አይታ ዓይኗን ካዞረች እንዴት ይሞላል? ካልተስማማችሁ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ዓምድ የአንድ አረፍተ ነገር ደንብ ጻፉ፤ ለምሳሌ «ከሾቱ ርዝመት ከግማሽ በላይ ሌንሱን ካየች፣ አዎ»። ከዚያ 50 ሾት መርጣችሁ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ሙሉ።

ስምምነቱን በመቶኛ ብቻ አትለኩ። ከ50ው በ44ቱ ከተስማማችሁ 88 በመቶ ነው፤ ደስ ይላል። ግን እያንዳንዳችሁ 40 ጊዜ «አዎ»፣ 10 ጊዜ «አይ» ብላችሁ ከሆነ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በዚሁ ምጣኔ ብትሞሉትም 68 በመቶ መስማማታችሁ አይቀርም ነበር። ጄከብ ኮኸን በ1960 ያቀረበው ካፓ የሚባለው ስሌት ይህን ያወራርዳል፦ 0.88 ሲቀነስ 0.68፣ ለ1 ሲቀነስ 0.68 ሲካፈል፣ 0.625 ይሆናል። መጥፎ አይደለም፤ 88 በመቶ የሚለው የሚያስመስለውን ያህል ግን አይደለም። ያልተስማማችሁባቸውን 6 ሾቶች አብራችሁ ደግማችሁ እዩ፤ ደንቡ የቱ ላይ እንደሚላላ የሚያሳዩዋችሁ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክሊፑን በስልኬ በቁም የተቆረጠውን አጭር ቅጂ ነው ያየሁት። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። የ16 ለ 9 (ስፋት ለቁመት) ምስል ወደ 9 ለ 16 ሲቆረጥ ከስፋቱ የሚቀረው 32 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይጠፋል፤ የሚጠፉት ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ተወዛዋዦች፣ አብሯት የሚነጋገረው ሰው፣ የተዘረጉ እጆቿና የቆመችበት ቦታ ናቸው። የሚተርፈው ቁመቷ ነው። ሙሉውን ቅጂ ይዘው ይሥሩ፤ በጽሑፍዎም የቱን ቅጂ እንዳዩና ርዝመቱን በሰከንድ ይግለጹ። ሁለቱን ቅጂዎች ማወዳደር ራሱን የቻለ ጥሩ ርዕስ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ሰንጠረዡን ጨረስኩ፤ አሁን ግን ጽሑፉ የቁጥር ክምር ሆነብኝ። እንዴት ወደ አንቀጽ ልለውጠው?

መልስ፦ በአንድ አንቀጽ አንድ ነጥብ ብቻ ያንሱ፤ ለነጥቡም ከሁለት የማይበልጥ ቁጥርና አንድ በዝርዝር የታየ ሾት ይበቃል። ቁጥሩ ነገሩ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ሾቱ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ሰዓቱን ሁልጊዜ ይጻፉ፤ አንባቢ ሄዶ ማየት መቻል አለበት። ከዚያ ሌላ ሰው ሊያነሳው የሚችለውን ተቃራኒ ንባብ በጠንካራ ጎኑ ያቅርቡት። በመጀመሪያው መልስ ላይ በተጠቀምንበት ምሳሌያዊ ክሊፕ ብንሞክረው እንዲህ ይሆናል፦

«ድምፃዊቷ ከምትታይባቸው 90 ሾቶች በ27ቱ ጭንቅላቷ ከፍሬሙ ውጪ ነው፤ ከእነዚህ 19ኙ የገቡት አዝማቹ ላይ ነው። በ1፡12 ላይ ‹ስሜን ጥሩ› ስትል ካሜራው ፊቷን ትቶ ወደ ዳሌዋ ይወርዳል፤ ስሟን በምትጠራበት ቅጽበት ማንነቷ የሚታወቅበት ፊት ከምስሉ ይጠፋል። ቁርጦቹ ከምቱ ጋር ስለገጠሙ ምርጫው ለዳንሱ ሲባል የተደረገ ነው ሊባል ይችላል። ሆኖም በዚያው አዝማች ውስጥ ወንዱ ተወዛዋዥ በ1፡15 እና በ1፡19 በዚያው ምት ላይ ሲገባ በሁለቱም ጊዜ ሙሉ ቁመቱ ይታያል።»

የመጨረሻው አረፍተ ነገር ሥራውን እንዴት እንደሠራ ልብ ይበሉ። ተቃራኒውን ንባብ በስሜት አልገፋውም፤ ከዚያው ክሊፕ፣ ከዚያው ምት ላይ ማወዳደሪያ አመጣለት። ማወዳደሪያውን ካጡ ተቃራኒው ንባብ እንዳለ ይቀመጥ፤ እርስዎም «ሁለቱም ይቻላል» ብለው ወደሚቀጥለው ነጥብ ይለፉ።